የዛድጋይ በር ርክክብ

የኖርጅማ መኪና ድምፅ ከሸለቆው ማዶ ሲሰማ የአካባቢው ሴቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ድስት ከመሬት ማንሳት ነው። የፈላ የወተት ሻይ ከምድጃ ሲወርድ ወለል ላይ ማስቀመጥ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው፤ ጌር የሚሉት ክብ የሱፍ ድንኳን ቤታቸው ወለል ደግሞ የሕፃናት መዳኺያም መሮጫም ነው። ኖርጅማ በዚያች አጭር በር ጎንበስ ብላ ስትገባ፣ ስለ ከብቱና ስለ ክረምቱ ከመጠየቋ በፊት ዓይኗ ወለሉን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ድስት ካየች ሰላምታው ቀረ ማለት ነው።

«ይኼ ምንድን ነው? ልጅ ልትቀቅዪበት ነው?»

«አሁን እኮ ነው ያወረድኩት እትዬ ኖርጅማ፣ ልቀዳልዎት ብዬ ነው።»

«እኔ ሻይ ሳልጠጣ ብውል አልሞትም። አንሺው!»

አንድ ጊዜ ሽማግሌው ጎምቦ፣ የሚያነሱበት ጊዜ ቢያጡ፣ ድስቱን ከጀርባቸው አድርገው በረጅም ካፖርታቸው ከልለው ተቀመጡ። እሷም ነገሩ ገብቷት ኖሮ ሆን ብላ ወሬውን አረዘመችባቸው። ጎምቦ ወዲያ ወዲህ መቁነጥነጥ ጀመሩ።

«ምነው አባባ፣ ወገብዎን አመምዎት እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ፤ ዘንድሮ ብቻ ወገቤን ይሞቀኛል» አሉ። ይህች ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈሩ ይሳቅባታል።

ኖርጅማ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ጎርናና፣ ነገር በቶሎ የማይበርድላት ሴት ናት። የፈለገችው የከብት ሐኪም መሆን ነበር፤ የዚያ ትምህርት ቤት ቦታ ሞልቷል ተብላ ጤና ረዳት ሆነች። «ከብት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አይመልስልኝም ነበር» ትላለች ሰው ሲያናድዳት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ የወንዝ በረዶ ከድቶት ከነመኪናው ሰጠመ። ሴት ልጃቸው አድጋ ዋና ከተማው ውስጥ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ በደወለች ቁጥር «እማዬ ነይ፣ እዚህ ሙቅ ውኃ ከግድግዳ ነው የሚወጣው» ትላታለች። እናት ግን እስከ ዛሬ የተራራው ግርጌ ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ጤና ኬላዋን አልለቀቀችም። የወረዳው ሐኪም ከሄደ ወዲህ ምትክ ስላልመጣ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሐኪም ዛድጋይ በር ከሚባለው የተራራ ማለፊያ ማዶ፣ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ነው።

የሥራ ጓደኛዋ ሹፌሩ ዳምባ ነው። ዳምባ አጥንቱ የሚቆጠር ቀጭን ሰው ሲሆን፣ ግራጫዋን የሩሲያ መኪናውን እንደ ሰው ያናግራታል። ዳገት ላይ «በርቺ እመቤቴ» ይላታል። ኖርጅማም «እኔን አንድ ቀን እንኳ እመቤቴ ብለኸኝ አታውቅም» ትለዋለች። «አንቺ ዳገት ላይ ተሸክመሽኝ አታውቂማ!» ነው መልሱ።

ያ የክፉ ቀን ነገር የሆነው ለነጭ ወር፣ ለአዲሱ ዓመት በዓል፣ ዝግጅት ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ነበር። ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ያን ሰሞን የተወለዱ ግልገሎች የውጭውን ስለማይችሉት በየጌሩ ውስጥ ታስረው ያድራሉ። የከብት አርቢው የሰምጂድ ሚስት ፑረቭሱረን የበግ አጥንት ቀቅላ መረቁን ከምድጃ አወረደችና ሊጥ ለማምጣት ዞር አለች። የሦስት ዓመቷ ልጇ ኢቬል ከአንድ ግልገል ጋር ትጓተት ነበር። ግልገሏ ወደፊት ስትገፋት ልጅቷ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሄደችና ድስቱ ውስጥ ቁጭ አለች።

ሰምጂድ ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ድረስ በሞተር ብስክሌት በርሮ ደወለ። ኖርጅማና ዳምባ ሲደርሱ የልጅቷ ጀርባና ጭን በጥርስ ሳሙና ተለቅልቆ ነጭ ሆኗል። ፑረቭሱረን ራሷን መሬት ላይ ጥላለች።

«እትዬ ኖርጅማ፣ ማንሳቱን ረሳሁት! ሁልጊዜ እየነገሩኝ…»

በሌላ ቀን ቢሆን ኖርጅማ የምትለውን ታውቅ ነበር። ያን ቀን ግን «ተነሺ፣ ውኃ ቅጂ» ብቻ አለቻት።

ሳሙናውን አጠበችው። ቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ እያንቆረቆረች ለረጅም ጊዜ አበረደችላት፤ የልጅቷን ልብስ አውልቃ፣ የሕመም መድኃኒት ሰጥታ፣ እጇ ላይ ደም ሥር ፈልጋ ጉሉኮስ ጀመረችላት። ከዚያ ንጹሕ አንሶላ በውኃ ነክራ ቁስሉን ጠቀለለችው፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደረበች። ቃጠሎው መንገድ ላይም እየቀዘቀዘ ይሂድ ብላ ነው። ወደ ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተደውሎ አምቡላንስ እንዲቀበላቸው ተነገረ። የሚገናኙትም እንደ ልማዱ ዛድጋይ በር ላይ፣ ኦቮ ከሚሉት ቅዱስ የድንጋይ ክምር ሥር ሆነ።

ዛድጋይ በር ነፋስ የማያጣው ቦታ ነው። የዚያን ዕለት ደግሞ ሰው ይጥላል። ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ አምቡላንሱ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሟል። ነርሱ ማግናይ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ፈጣን ሰው፣ የዳምባን መኪና በር ከፍቶ ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አቀፈና ወደ መኪናው ሮጠ። ኖርጅማ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ከኋላው እየሮጠች ጮኸችለት።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተቃጠለችው! ይኼ ጠርሙስ ሁለተኛዋ ነው!»

«ሰምቻለሁ እትዬ፣ ሰምቻለሁ! ይሂዱ፣ ብርዱ ይገድልዎታል!»

በሩ ተዘጋ። አምቡላንሱ ቁልቁል ወረደ። ርክክብ የሚሉት ነገር ይኼው ነበር፤ ለዓመታትም እንዲሁ ነበር።

በማግሥቱ የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ኡርትናሳን ደወለች። ገና ወጣት ናት፤ ከዋና ከተማ ከመጣች ብዙም አልቆየች።

«እርስዎ ነዎት ልጅቷን የላኩት? በየካቲት ነፋስ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው? እዚህ ስትደርስ በረዶ ነበረች! ጥርሷ መንቀጥቀጡን እንኳ ትቶ ነበር!»

«ቃጠሎ ይቀዝቅዝ ተብለን ነው የተማርነው፣ ዶክተር።»

«ቃጠሎው እንጂ ልጅቷ ትቀዝቅዝ አልተባለም! ደግሞ ከተቃጠለች ገና ሦስት ሰዓቷ ነው ብለው ላኩብኝ። ፈሳሹን በዚያ አስቤ ሰጠሁ። እናትየዋ ማታ ስትደርስ ነው ጠዋት መሆኑን የሰማሁት። ሽንቷ ቆሞ ነበር እኮ!»

ኖርጅማ እስከዚህ ድረስ ዶክተር እያለች ነበር። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ከረረ።

«ስሚ አንቺ ልጅ! ሦስት ሰዓት *ላይ* ነው ያልኩት! የአንቺ ሰው አፌን ሳልዘጋ በሩን ዘጋብኝ። ጠርሙሱ ሁለተኛ ነው ያልኩትንስ ነገረሽ? አልነገረሽም! መጀመሪያ መስማት አስተምሪው!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ዘጋችባት እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስለ ሰዓቱ የተናገረችው እውነት ነው። ስለ እርጥቡ አንሶላ ግን ልጅቷ ገልበጥ ስትል እግሯ ምን ያህል ቀዝቅዞ እንደነበር ትዝ እያላት መጣ። መንገድ ላይ ነክታው ነበር። የዳምባ መኪና የኋላ መስኮት በደንብ አይገጥምም፤ ብርዱ ከዚያ ነው ብላ ካፖርቷን መስኮቱ ላይ ወትፋ ነበር። ካፖርቱን ለልጅቷ ማልበስ አልመጣላትም።

በዓሉ እንዳለፈ ለዳምባ «ከተማ ውሰደኝ» አለችው።

«ዶክተሯን ልትመቺያት ነው?»

«ልጅቷን ላያት ነው።»

«እንግዲያው ድንገት ለመምታት ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ መኪናዋን ወደ መውጫው አዙሬ ላቆማት።»

ኢቬል አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ አገኘቻት። ኩላሊቷ ተመልሶ መሥራት ጀምሯል፤ ቆዳ እንዲለጠፍላት ወደ ዋና ከተማው ልትላክ ነው። ፑረቭሱረን የኖርጅማን እጅ ይዛ ወደ አልጋው ጠጋ አደረገቻት። ኖርጅማ ያመጣችውን አሩል፣ ያን ደረቅ እርጎ፣ ከልጅቷ ትራስ አጠገብ አስቀመጠችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ኡርትናሳን ቆማለች። ቁመቷ የኖርጅማን ትከሻ አያልፍም።

«ስልክ የዘጉብኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

«እኔ ነኝ። የአንሶላው ነገር ጥፋቱ የኔ ነው። የሰዓቱን ግን አልቀበልም።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች። «የሰዓቱን እኔም ሳስበው ነበር። ማግናይ ሰነፍ አይደለም፤ እርስዎም የሚያወሩትን የሚያውቁ ሰው ነዎት። ታዲያ ነገሩ የት ወደቀ? ጊዜ ካለዎት እንፈልገው።»

ኖርጅማ ለጠብ ተዘጋጅታ መጥታ ነበርና ግራ ገባት። «እንዴት አድርገን ነው የምንፈልገው?»

«እንደዚያን ቀኑ አድርገን።»

አምቡላንሱና የዳምባ መኪና በሆስፒታሉ ግቢ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። ነፋስ ነበር፤ የዛድጋይን ባያህልም ይበቃል። በሽተኛ የሚሆን ሰው ጠፋና ሁሉም ዳምባን አዩት።

«ጡረታ ልወጣ የደረስኩ ሰው ሕፃን ልሁን?» አለ ዳምባ።

«በክብደትህ ሕፃን ነህ፤ ተኛ» አለችው ኖርጅማ።

ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች በመስኮት ተደራርበው ያያሉ። ማግናይ በሩን ከፈተ፤ ዳምባን ከነብርድ ልብሱ አንሥቶ ሮጠ። ኖርጅማ ከኋላ እየተከተለች ጮኸች። ዶክተሯ «ቁሙ!» አለች። «ማግናይ፣ ምን አሉህ?»

ማግናይ አሰበ። «ሦስት ሰዓት… ጠርሙስ… ልጅቷ ከወገብ በታች…» ፊቱ ቀላ። «ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰው አቅፌ ስሮጥ እግሬን እንጂ ጆሮዬን አላዳምጥም። እንዳትወድቅብኝ ነው የማስበው።»

«እኔም» አለች ኖርጅማ ቀስ ብላ፣ «ሰምቻለሁ ስትለኝ ደስ አለኝ። ከእጄ ወጣች ብዬ።»

ይህንን ስትናገር ለራሷም አዲስ ነበር። ለስንት ዓመት በሽተኛ አሻግራ፣ አምቡላንሱ ቁልቁል ሲወርድ እያየች ትንፋሽዋን ስትለቅ ኖራለች።

ደጋገሙት። አንድ ጊዜ ሁሉም በአንድ መኪና ውስጥ ሆነው በር ዘግተው፣ ሞተር አጥፍተው። አንድ ጊዜ ማግናይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እሷ እስክትጨርስ ምንም ሳይነካ። ከዚያ የሰማውን መልሶ እንዲነግራት አደረጉ። ስንት ሰዓት ላይ እንደተቃጠለች ሲል «ላይ»ን አጥብቆ፣ ምን እንደተሰጣትና ምን እንደቀረ፣ ምን እንደተቀባች። ለአራተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፅ መጣ።

«ዶክተር፣ ስትከራከሩ በሽተኛው በረዶ ሆነ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ዶክተሯ ግን ሳቋን ቶሎ ገታች። «ልክ ነው። ስንነጋገር በሽተኛው መሞቅ አለበት። ቃጠሎውን እዚያው ቤት በደንብ አቀዝቅዘው ይጨርሱ፤ ከዚያ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ ሌላውን ሰውነት ግን ያሙቁ።»

ማግናይ ምድጃ አጠገብ የሞቀ የበግ ለምድ ይዞ ቢመጣስ አለ። ኖርጅማም ለምዱ ከእኔ ቢነሣ ይሻላል፣ ከተማ ያለ በግ ቆዳው ስስ ነው አለች። እንዲህ እየተባባሉ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ዛድጋይ በር ላይ በሽተኛ ሲሻገር ሁሉ እንዲሁ ይደረግ ጀመር።

የሌሎች ወረዳዎች ሹፌሮች ነገሩን ሲሰሙ «የዛድጋይ ጸሎት» ብለው ስም አወጡለት። «ላማ መነኩሴ ይጨመርበትና ከበሮ ይመታ» ይላሉ። አንዳንዴም በእርግጥ ያስቃል፤ ጣቱን ምጣድ ላቃጠለው ሰው ሳይቀር በር ተዘግቶ ይደገምለታል። ማግናይ ግን አንዴም አልዘለለም።

ፈረሶች ወደ መኸር ግጦሽ በሚወርዱበት ወራት የቾይጂል ነገር መጣ። ቾይጂል በክፍለ ሀገሩ የትግል ሜዳ «ጭልፊት» የተባለውን ማዕረግ ያገኘ፣ በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ማገዶው እርጥብ ሆኖ እምቢ ቢለው ቤንዚን ምድጃው ውስጥ ደፋበት። እሳቱ ተመልሶ ፊቱንና ሁለት እጁን ላጠው፤ የጌሩ ሱፍም ተያይዞ በጢስ ውስጥ ነው ወጥቶ ያመለጠው።

ኖርጅማ ስታቀዘቅዘው እያቃሰተ ይቀልዳል። «መልኬን ተይው እትዬ፣ ድሮም ሚስቴ ለበጎቼ ስትል ነው ያገባችኝ።»

«ዝም በል፣ ቆዳህን አትወጥረው።»

በደረቅ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ በለምድ አለበሰችው፤ በሁለት እጁ ደም ሥር ስለጠፋ እግሩ ላይ ጉሉኮስ ተከለችለት። የሕመም መድኃኒት ወስዶ መንገድ ላይ ዝም አለ። ተኛልኝ ብላ ደስ አላት።

ዛድጋይ በር ላይ በር ተዘጋ፤ ሞተር ጠፋ። ማግናይ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኖርጅማ ተናገረች፤ ሰዓቱን፣ ቤንዚኑን፣ ጢሱን፣ የሰጠችውን ሁሉ። «ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ሲቀልድብኝ ነበር» አለች።

ማግናይ መልሶ ነገራት። «…ጢስ ውስጥ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ነው።» እዚህ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ በሽተኛው ዞረ። «ጋሽ ቾይጂል፣ እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ቾይጂል አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ደረቅ ቆዳ ሲፋቅ የሚሰማውን ይመስል ነበር። አንድ ትንፋሽ ሳበና ጉሮሮው አፏጨ።

ኖርጅማ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ጉሮሮው አስጠጋች። ቤቱ ውስጥ የሰማችው ድምፅ እንጂ እዚህ ያለው አልነበረም የነገረችው። ማግናይ ግን ስልኩን አንሥቷል፤ ዛድጋይ በር ላይ ስልክ ይሠራል።

«ዶክተር፣ ጉሮሮው እያበጠ ነው።»

«ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ኦክስጅን ስጡት፣ ቁልቁል ውረዱ። እኔ ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ጋ እንገናኝ።»

ኖርጅማ አምቡላንሱ ውስጥ ቀረች። ዳምባ ባዶ መኪናውን እየነዳ ከኋላ ተከተለ። ቾይጂል ተቀምጦ ትንፋሹን ሲጎትት ትከሻው ወደ ላይ ይነሣል፤ እሷ ከጀርባው ሆና በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ዶክተር ኡርትናሳን ቦርሳዋን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። አምቡላንሱ ውስጥ ገባች፤ ማንንም ምንም አልጠየቀችም፤ ማግናይ ባጭሩ ነገራት፣ እሷም መልሳ ነገረችው። ከዚያ ቱቦውን በጉሮሮው አሳለፈች። መጀመሪያ እምቢ አላት። ሁለተኛው ገባ።

«ከተማ ድረስ ብንጠብቅ ይኼ አይገባም ነበር» አለች በኋላ፣ እጇን በበረዶ ስታብስ። ኖርጅማ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈቻት።

ቾይጂል ከዋና ከተማው የተመለሰው በሚቀጥለው ፀደይ ነው። ጆሮው ጫፍ የለውም፤ ቅንድቡ አልበቀለም፤ ጣቶቹ እንደ ጭልፊት ጥፍር ታጥፈው ቀርተዋል። ኖርጅማ ልትጠይቀው ስትሄድ ፊት ነሳት።

«ምን ብላችሁ አተረፋችሁኝ? ሰው ጨብጦ ማንሳት የማልችል ሰው።»

ኖርጅማ ተቀመጠች። ቅባት አወጣችና ሳትጠይቀው ቀኝ እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማሸት ጀመረች። ሰደባት፤ አሸችው። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ ያኔም ሰደባት። እንዲህ ሲባባሉ በጋው አለፈ። አሁን ልጓም መያዝ ይችላል፤ የትግል ዳኛም ሆኗል፤ ወጣቶቹ በፊቱ ይሸማቀቃሉ፤ እሱም ይህን በደንብ ይጠቀምበታል።

ዶክተር ኡርትናሳን ከጊዜ በኋላ ወደ ዋና ከተማው ተዛወረች። በእሷ ቦታ የመጣው ሐኪም መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት አልነበረውም። «መልሰህ ንገረኝ» ሲባል የተማሪ ቤት መሰለው። ማግናይ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው አልታወቀም፤ ከዚያ ወዲህ ይሰማል።

ሁሉም ግን አልተረፈም። ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ሳሉ ራሳቸውን ስተው ምድጃ ላይ ወደቁ። ቃጠሎው ብዙ ነበር፤ ዕድሜም ነበር። ሁሉም በወጉ ሆነ፤ ማቀዝቀዙ፣ ማሞቁ፣ በሩ ላይ የተነገረውና ተመልሶ የተነገረው። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

ኖርጅማ የአሮጊቷን ልጅ ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለገችም፤ ከዳምባ ጋር ራሷ ሄደች። ሰውየው ፈረስ ሲያሠለጥን ነበር። ሰምቶ ኮርቻውን ፈታ፣ አስቀመጠ፣ አጥር ላይ ተደገፈ።

«የቀረ ነገር ነበር?» አላት። «ቢደረግ ኖሮ የሚባል?»

ኖርጅማ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ በልቧ ሄደችበት።

«አልነበረም» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም እናቱ ልጅ ሳሉ ያለ ኮርቻ ይጋልቡት ስለነበረው አንድ ቀይ ፈረስ ማውራት ጀመረ። ዳምባ መኪናውን አጥፍቶ መጣና አጥሩ ላይ ከጎናቸው ተደገፈ። ሰውየው የፈረሱን ነገር እስኪጨርስ ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።